ማኅተም በማኅተም ላይ



ዐረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ገንዘብን «ፉሉስ» ሲሉ ሰምተናል። ቃሉ ግን መነሻው ዐረብኛ አይደለም። ሩሞች፣ ማለትም የቢዛንታይን ሰዎች፣ «ፎሊስ» ይሉት ከነበረው የመዳብ ሳንቲም የመጣ ነው። ነጠላው በዐረብኛ «ፈልስ»፣ ብዙው «ፉሉስ» ተባለ። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚሁ ፎሊስ ነው፤ በተለይም በአንድ ከተማ ታትሞ ሲያበቃ፣ ሳይቀልጥ በሌላ ከተማ ዳግም ስለታተመው።

በዚያ ዘመን ሳንቲም የሚሠራው በእጅ ነበር። ሠራተኛው ክቡን መዳብ ቅርጽ በወጣለት ብረት ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላ ቅርጽ ያለው ብረት ከላይ ያቆምበታል፤ ከዚያም በመዶሻ ይመታዋል። የሁለቱ ብረቶች ቅርጽ በመዳቡ ሁለት ገጽ ላይ ይቀራል። መዳቡ ልሙጥ ከሆነ ሥራው ያምራል።

በንጉሥ ሂረቅል (ሄራክሊየስ) ዘመን ግን ልሙጥ መዳብ መጠበቅ ቀረ። ሂረቅል እ.ኤ.አ. ከ610 እስከ 641 የነገሠ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሰሓባው ዲሕየተል ከልቢ በኩል ደብዳቤ የላኩለት ንጉሥ ነው። በነገሠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፋርሶች ደማስቆን (613) እና በይተል መቅዲስን (614) ያዙበት። ሱረቱ ሩም የሩሞችን ሽንፈት አውስታ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሰው እንደሚያሸንፉ ያበሰረችው ስለዚሁ ጦርነት ነው። ወጪው በዛ። አሮጌውን ሳንቲም አቅልጦ እንደ አዲስ ከማዘጋጀት በላዩ ላይ መምታቱ ይፈጥን ነበር።

እንዲህ ያለው ሳንቲም ምን ይመስላል? በአንድ ገጹ ሂረቅልና ልጁ ጎን ለጎን ቆመዋል። በሌላው ገጽ 40 ቁጥርን የሚያመለክት ትልቅ የግሪክ ፊደል፣ ከሥሩም የቁስጠንጢንያ ስም በአጭሩ ተጽፏል። ሳንቲሙን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ላየው ግን ሌላ ነገር ይወጣል፦ ከንጉሡ ልብስ ሥር ቀድሞት የነበረው ንጉሥ ፊት፣ ከጠርዙ ደግሞ የኒቆሜዲያ ወይም የአንጾኪያ ስም ቅሪት። መዶሻው የቀድሞውን ጨርሶ አላጠፋውም።

ለታሪክ ተመራማሪዎች ይህ ትልቅ መረጃ ነው። ከሥር ያለው ማኅተም ምንጊዜም ከላይ ካለው ይቀድማል፤ ስለዚህ የትኛው ሳንቲም አስቀድሞ እንደወጣ፣ ከየትኛው ከተማ ወደየትኛው እንደተጓዘ ያለ ክርክር ይናገራል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሂረቅል ሲነግሥ ፎሊስ 11 ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ 20 ዓመት ሳይሞላ ወደ ግማሹ ወረደ። አሮጌው ሳንቲም ተቆራርጦ፣ ቁራሹ እንደ ሙሉ ሳንቲም የታተመበትም አለ። በላዩ ያለው የ40 ቁጥር ግን አልተለወጠም። ማኅተሙ «ሙሉ ነኝ» ይላል፤ ሚዛኑ «የለም» ይላል። ሱረቱል ሙጠፊፊንን የሚቀራ ሁሉ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይጠፋውም።

ከየርሙክ ውጊያ (636) በኋላ ሻም በሙስሊሞች እጅ ገባች። ሙስሊሞች መጀመሪያ የሩሞችን ገንዘብ እንዳለ ተጠቀሙ። ቆይቶም በሒምስ ከተማ በሚታተመው የመዳብ ሳንቲም ላይ «ጠይብ» የሚል የዐረብኛ ቃል ገባ፤ «ጥሩ ነው» ማለት ነው። በመጨረሻም ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ኢብኑ መርዋን በ77 ዓመተ ሂጅራ (696/97) የንጉሥ ምስል የሌለበት፣ የተውሒድ ቃል የተጻፈበት የወርቅ ዲናር አሳተሙ። ክብደቱ 4.25 ግራም ገደማ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው የብር ዲርሀም ላይ ደግሞ የታተመበት ከተማና ዓመት ይጻፍ ጀመር።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? የወርቅ ዘካ ኒሷብ 20 ዲናር ነው። በዛሬ ሚዛን ስንት ግራም እንደሚሆን ለማወቅ በየሙዚየሙ የተቀመጡት የዐብዱልመሊክ ዲናሮች ተመዝነዋል። ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀረዳዊ «ፊቅሁ ዘካት» በተባለው መጽሐፋቸው የተቀበሉት 85 ግራም ከዚህ የተገኘ ነው፦ 20 ጊዜ 4.25። አንዲት እናት ዓመት የሞላው 85 ግራም ወርቅ ኖሯት አርባኛውን እጅ ለድሃ ስታወጣ፣ ከ1300 ዓመት በፊት ሳይጭበረበር በተሠራ ሚዛን ላይ ተማምና ነው። ያ ዲናር ጎዶሎ ቢሆን ኖሮ የድሃው ሐቅ በምን ይለካ ነበር?

ዛሬ ሳንቲም የምናትም አይደለንም። ሆኖም ኪሎ የምንመዝን፣ ሜትር የምንለካ፣ በጆንያ ላይ «50 ኪሎ» ብለን የምንጽፍ ሞልተናል። ከላይ የጻፍነው ከውስጥ ካለው ጋር ይስማማ። አላህ ሚዛናቸውን ከሚሞሉት ያድርገን። አሚን።