የመርሳት በሽታ ታማሚ ስንት ዓመት ይኖራል? ስለ ትንበያ ቁጥሮች አነባበብ



እናቱ ወይም አባቱ የመርሳት በሽታ፣ ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት ሕመም፣ እንደያዛቸው የተነገረው ሰው ውሎ አድሮ «ከእንግዲህ ስንት ዓመት ይኖራሉ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከልጆቹ ማን ሥራ ትቶ እንደሚያስታምም፣ ውጭ አገር ያለው መቼ እንደሚመጣ፣ ታማሚው ራሳቸው መወሰን ሳይሳናቸው ኑዛዜ መጻፍ እንዳለበት፣ ይህ ሁሉ በመልሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። መልሱ በቁጥር ሲሰጥ ግን፣ ቁጥሩ ከየት ተነሥቶ እንደተቈጠረ ካልተጠየቀ ያሳስታል።

እ.ኤ.አ. በ2001 ከካናዳ የአረጋውያን ጤና ጥናት የተገኘ አንድ ውጤት ታተመ። ተመራማሪዎቹ የ821 ታማሚዎችን ዕድሜ ከበሽታው መነሻ እስከ ሞት ሲለኩ፣ መካከለኛው ቁጥር 6.6 ዓመት ሆነ። ከዚያም አንድ እርማት ቢያደርጉ ወደ 3.3 ዓመት ወረደ። በሽታውም ታማሚዎቹም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ስሌቱ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኩለ ቀን ላይ ገበያ የወጣ ሰው ያገኘውን ሁሉ «ምን ያህል ጊዜ ትቈያለህ?» እያለ ቢጠይቅ፣ ማልደው መጥተው በርበሬና ጨዋቸውን ገዝተው የተመለሱትን አያገኛቸውም። አብዛኛው የሚያገኘው እዚያው የሚውለውን ነው፤ ስለዚህም ገበያተኛ ሁሉ ቀኑን ሙሉ እንደሚውል አድርጎ ያስባል። ጥናትም በአንድ ወቅት በሕይወት ያሉ ታማሚዎችን ሲመዘግብ፣ በሽታው በጀመራቸው በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ የሞቱት ከመዝገቡ ውጭ ይቀራሉ። የካናዳው እርማት እነዚህን ያልታዩ ሰዎች በስሌት ያስገባ ነበር። በእኔ እምነት በዚህ መስክ የዚህን ያህል አስተማሪ የሆነ ሥራ ጥቂት ነው።

በ2008 የታተመው የእንግሊዝና የዌልስ ጥናት በሌላ መንገድ ሄደ፤ በሽታው ገና ያልታየባቸውን አረጋውያን መዝግቦ እስከ 14 ዓመት ተከታተለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የታመሙት 438 ነበሩ። ከመነሻው ጀምሮ መካከለኛው ዕድሜ ለወንዶች 4.1፣ ለሴቶች 4.6 ዓመት ሆነ። በሽታው ከ65 እስከ 69 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲጀምር ግን 10.7፣ ከ90 ዓመት ወዲያ ሲጀምር 3.8 ነበር። መካከለኛ ማለት ግማሾቹ ከዚያ በፊት ሞቱ፣ ግማሾቹ ተሻገሩት ማለት ነው፤ የአንዲትን እናት ቀን አይናገርም።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ ችግሩ መነሻው ነው። «ጃጅተዋል» ብለን የዕድሜ ነገር አድርገን እናልፈዋለን፤ ሐኪም ዘንድ የምንደርሰው አባት መንገድ ስተው ሲጠፉ ነው። በዚያን ዕለት ከመነሻው የተቈጠረን ቁጥር «ከዛሬ ጀምሮ» ብሎ መስማት፣ ያለፉትን ዓመታት እንደገና መቍጠር ይሆናል።

የመጨረሻው ደረጃስ? ቢያንስ እዚያ ትንበያው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በአሜሪካ መንግሥታዊው የጤና መድን ለሕይወት ፍጻሜ እንክብካቤ የሚከፍለው ሐኪም «ከስድስት ወር አያልፍም» ብሎ ሲመሰክር ነው። ለዚሁ የተዘጋጀ አንድ መለኪያ በ2010 ሲፈተን፣ 0.5 ሳንቲም ወርውሮ መገመት፣ 1 ደግሞ ፍጹም ትክክል በሆነበት ሚዛን 0.67 አገኘ። ይልቅስ የሚታዩ ምልክቶች ይሻላሉ። በ2009 በቦስተን አካባቢ በአረጋውያን መጦሪያዎች የነበሩ 323 ታማሚዎች ጥናት ታትሞ ነበር፤ በ18 ወር ውስጥ ከግማሽ በላይ ሞቱ። የሳንባ ምች ከያዛቸው መካከል በስድስት ወር ውስጥ የሞቱት ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ሲሆኑ፣ መብላትና መዋጥ ካቃታቸው ደግሞ ወደ 39 በመቶ ነበሩ።

በዚያው ጥናት፣ ፍጻሜው ቅርብ መሆኑንና ምን ሊከተል እንደሚችል የተረዱ ቤተሰቦች ባሏቸው ታማሚዎች ላይ፣ በቱቦ እንደ መመገብና ወደ ሆስፒታል እንደ መመላለስ ያሉ አድካሚ ሕክምናዎች በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የተፈጸሙት በጣም ባነሰ መጠን ነበር። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።