የመጽሐፍ ስምና የአንባቢ ገንዘብ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የመጽሐፍን ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው አሳታሚው ነው። እንግሊዛዊው የቀልድ ደራሲ ፒ ጂ ዉድሃውስ (1881–1975 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ከ90 በላይ መጻሕፍት ደርሷል። ሥራዎቹን ሁሉ አሟልቶ ለማንበብ የሚሻ ሰው ግን ሳያውቅ አንዱን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ይገዛል። በ1915 በሎንዶን «ሰምቲንግ ፍሬሽ» የተባለው በኒውዮርክ «ሰምቲንግ ኒው» ነው። በ1929 የወጣው «ሰመር ላይትኒንግ» በአሜሪካ «ፊሽ ፕሪፈርድ»፥ በ1934 የወጣው «ራይት ሆ ጂቭስ» ደግሞ «ብሪንክሊ ማነር» ተብለዋል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስተው ተቃራኒው ነው፤ ይኸውም የ1912ቱ «ዘ ፕሪንስ ኤንድ ቤቲ» በሁለቱ አገሮች ስሙ አንድ ሲሆን ታሪኩ እጅግ ይለያያል። ስለዚህ አንባቢ ሽፋኑን ብቻ አይቶ አይፍረድ፤ የኅትመቱ ዘመን የሰፈረበትን ገጽ ይመልከት፥ የመጀመሪያውንም ምዕራፍ ያመሳክር። መጽሐፍ ሻጮችና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችም ሁለቱን ስሞች በመዝገባቸው ጎን ለጎን ቢጽፉልን የአንባቢ ገንዘብ ይተርፋል፤ ሳቁም አይጎድልም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ መጽሐፍ ወዳድ