ለሥነ ምግብ ፖሊሲ ሥራ የሚያመለክት ሰው ምን ይዞ ይቅረብ?

ስለ ሕፃናት አመጋገብ ስንጽፍ ዘወትር ቃላችንን የምናቀርበው ለአባቶችና ለእናቶች ነው። በዚህ ወር ግን ነገሩን ከሌላ በኩል ልንመለከተው ወደድን። ይኸውም በሰብአዊ ርዳታ ድርጅት ውስጥ የሥነ ምግብ ፖሊሲ ባለሙያ ለመሆን የሚያመለክት የአገራችን ወጣት ምን ይዞ መቅረብ እንደሚገባው ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን፥ በደብረ ታቦር ከተማ የምትኖር አንዲት የጤና ባለሙያ ማመልከቻዋን አንብበን እንድናርምላት ስለ ጠየቀችን ነው።

እኅታችን በፋርጣ ገጠር ስድስት ዓመት ያገለገለች ናት። ደብዳቤዋ ግን «ታታሪ ነኝ፤ ሥራዬን እወዳለሁ፤ ከማንኛውም ሰው ጋር ተግባብቼ እሠራለሁ» ከሚል በቀር ሌላ ፍሬ ነገር አልነበረውም። ቃሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ለገንዘብ ያዥነት ወይም ለዕቃ ግምጃ ቤት ኀላፊነት የሚያመለክት ሰው ይህንኑ ቢጽፍ ማን ይከለክለዋል?

ስለዚህ ደብዳቤውን ወደ ጎን አድርገን፥ «በስድስት ዓመት ውስጥ ምን አየሽ?» ብለን ጠየቅናት። እርሷም ጥቂት አሰብ አድርጋ፥ ከጉና ተራራ ግርጌ ስላለ አንድ ቤት ነገረችን። በቤቱ ገብስም ድንችም ባቄላም ነበረ። የዓመት ከመንፈቁ ሕፃን ግን የክንዱ ዙሪያ ሲለካ 11 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ከ11.5 በታች መሆኑ ብርቱ የምግብ እጦት ምልክት ነው። እናቲቱ የምታበላው ቀጭን የገብስ አጥሚት ብቻ ነበር። ዶሮዎቹ የጣሉት ዕንቁላል ለጨውና ለሳሙና መግዣ ወደ ገበያ ይወሰዳል። ውሃው ከብት ከሚጠጣበት ምንጭ ስለሚቀዳ፥ ሕፃኑን ተቅማጥ ደጋግሞ ይይዘው ነበር። በጤና ጣቢያ ከታከመ በኋላ ሕፃኑ ዳነ። «ጎተራው ሙሉ ሆኖ ሳለ ልጁ ጎደለ» አለችን። እኛም፥ «ማመልከቻሽ ይህ ነው» አልናት።

ይህ ነገር የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ የኢትዮጵያ ሕፃናት መካከል ከመቶ 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ቍጥሩ ወደ 38 ዝቅ ብሏል፤ በአማራ ክልል ግን በዚያው ዓመት 46 ነበር። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናትም የሚገባቸውን ያህል የተለያየ ምግብ በሚገባቸው መጠን ሲመገቡ የተገኙት በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ። ከፅንስ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላ ባሉት አንድ ሺህ ቀኖች የጎደለውን በኋላ መሙላት እጅግ ያስቸግራል። ጉዳቱ በቁመት ብቻ ስለማይወሰን፥ መምህራን በክፍል ውስጥ ትምህርት ሲከብደው የሚያዩት ልጅ ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል።

ከዚህም በላይ ደቡብ ጎንደር አንድ ወጥ አገር አይደለም። እብናት፥ ስማዳና ላይ ጋይንት ድርቅ የሚያጠቃቸው ወረዳዎች ናቸው። የፎገራ ሜዳ ሩዝና ከብት ይታወቅበታል። የጉና ዙሪያ ደግሞ የገብስና የድንች አገር ነው። በአንዱ ስፍራ እህል ማደል ነፍስ ያድናል። በሌላው ስፍራ ግን ዕንቁላሉ ከቤት እንዳይወጣና ምንጩ እንዲከለል ማድረግ ይበልጥ ይጠቅም ይሆናል። ፖሊሲ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ልዩነት ካላወቀ፥ ገንዘቡ ወጪ ይሆናል፥ ሕፃኑ ግን እንደ ቀጨጨ ይቀራል።

አመልካቹ ከእርሱ በፊት የተሠራውንም ማወቅ አለበት። በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተቋቁሞ ለገጠሩ የጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን መንግሥት ትብብር የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተመሠረተ፤ ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብም የተገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የሰቆጣ ቃል ኪዳን በተባለው ሰነድ ቃል ገባ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የምግብና የሥነ ምግብ ፖሊሲ ጸደቀ። እነዚህን አንብቦ «በእኔ ወረዳ ይህ ክፍል ተፈጽሟል፥ ያኛው ግን በዚህ ምክንያት ቀርቷል» ለማለት የሚችል ሰው ሰሚ ያገኛል። ደግሞም ርዳታ በዘርና በሃይማኖት ሳይለይ በችግር መጠን ብቻ እንደሚሰጥ ከልብ ያመነ መሆን ይገባዋል።

ስለ አጻጻፉም ጥቂት ምክር እንሰጣለን። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ማስታወቂያው ለሚጠይቀው ለእያንዳንዱ ነገር አንድ የተሠራ ሥራ ይቅረብ። ከባልደረቦች ጋር የተሠራው ለብቻ እንደ ተሠራ ሆኖ አይጻፍ። ቍጥር ሲጠቀስ ከየት እንደ መጣ ይነገር። ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ፈተና ይሰጣል። በዚያን ጊዜ፥ ችግሩ ምን እንደ ሆነ፥ ማንን እንደሚጎዳ፥ ምን ምን አማራጭ እንዳለ፥ ወጪው ስንት እንደሚሆንና ማን እንደሚፈጽመው፥ ጊዜ ለሌለው ባለሥልጣን በአጭሩ ማስረዳት ነው። እንደ ዩኒሴፍና እንደ ዓለም የምግብ ፕሮግራም ያሉት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ከአመልካች ምንም ገንዘብ አይጠይቁም። በስማቸው ክፍያ የሚጠይቅ ሰው አታላይ መሆኑ ይታወቅ።

እኅታችን ደብዳቤዋን እንደ ገና ጻፈች። ከጨረሰች በኋላ ግን ፊቷ አልፈካም። «እኔ አዲስ አበባ ብሄድ እነዚያን ሕፃናት ማን ይለካቸዋል?» አለችን። ጥያቄዋ የሚናቅ አይደለም። የገጠሩን ቤት የሚያውቁት ሁሉ ወደ ከተማ ቢሄዱ ገጠሩ ይጎዳል። የሚያውቅ ሰው አንድም ሳይኖርበት የሚጻፍ ፖሊሲ ደግሞ ያንኑ ገጠር ይጎዳል። ስለዚህ፥ «መሄድሽ ኀጢአት አይደለም፤ ሳታስረክቢ መሄድ ግን ጥፋት ነው» ብለን መለስንላት። እርሷም መልስ ሳትጠብቅ፥ የምትከታተላቸውን ሕፃናት ስም፥ የክንዳቸውን ልክና የሚጎበኙበትን ቀን በደብተር ጽፋ ለባልደረባዋ ማስረዳት ጀመረች።

ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀበት ቀን ድረስ ለፈተና ተጠርታለች፤ የመጨረሻው መልስ ግን አልደረሳትም። ብትመረጥ ደስ ይለናል፤ ባትመረጥም ደብተሩ ሥራውን ይሠራል።

መምህራን ሆይ፥ ተማሪዎቻችሁ ማመልከቻ ይዘው ሲመጡ ፊደሉን ብቻ አታርሙ፤ «ምን አየህ? ምን አየሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም በየቤታችሁ፥ ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ከጡት ሌላ ከእህልና ከጥራጥሬ የተሠራ ወፈር ያለ ገንፎ፥ ዕንቁላልና የደቀቀ ጎመን፥ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ መስጠትን አትዘንጉ።