የዐሥር ሊትር ኬዝ እስትንፋስ

ኃይለኛ ኮምፒውተር ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ጠረጴዛ ሥር ወደሚቆመው፣ ጎኑ መስታወት ወደሆነው፣ ቀለም ወደሚያብለጨልጨው ግዙፍ ሣጥን ነው። የእኔ ልብ ያለው ግን መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ፣ እንግዳ «ይሄ ስፒከር ነው?» ብሎ የሚያልፋት ትንሿ ጋ ነው። ያቺ ዕቃ የሰርግ ቪዲዮ በ4ኬ እንደምታቀናብር፣ የአርክቴክቱን ሕንፃ ሬንደር እንደምታደርግ፣ ማታ ደግሞ ያሻዎትን ጌም እንደምታስኬድ ቢነግሩት ብዙ ሰው አያምንም። ያመነውም ወዲያው «ታዲያ አትግልም?» ይላል።

መሠረታዊውን ነገር በአጭሩ ላስቀምጥ። የእነዚህ ማሽኖች መነሻ ሚኒ-አይቲኤክስ የሚባለው ማዘርቦርድ ነው፤ ቪያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው፣ ወርዱም ቁመቱም 17 ሳንቲሜትር የሆነ። የግራፊክስ ካርድ መሰኪያው አንድ፣ የራም ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ከተለመደው የሚያንሰው ኤስኤፍኤክስ ነው። ኬዞቹ በሊትር ይለካሉ፤ ከ20 ሊትር በታች ያለው «ትንሽ» ሲባል፣ መስታወታሙ ትልቅ ኬዝ 50 ሊትር ገደማ ይሆናል።

አሁን ወደ ጠቤ ልግባ። «ትንሽ ኬዝ ሰፊ አየር ስለሌለው ይግላል» የሚል ሰው ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። አባባሉ ትክክል ይመስላል፤ ሲሰላ ግን አይቆምም። ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 4080 ነው እንበል፤ 320 ዋት ይወስዳል። ፕሮሰሰሩ 90፣ የቀረው ዕቃ 40፣ በድምሩ 450 ዋት። ኮምፒውተር የሚበላው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር አየር በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 0.9 ጁል ገደማ ይበቃል። እንግዲህ 10 ሊትር ኬዝ ውስጥ የታሰረ አየር ይህን ሁሉ ሙቀት ብቻውን ቢቀበል በአንድ ሰከንድ 50 ዲግሪ ይጨምራል። 50 ሊትሩ ኬዝስ? እዚያው ለመድረስ አምስት ሰከንድ ይፈጅበታል። ያ ሁሉ ስፋት ያተረፈልን አራት ሰከንድ ነው። ሬንደሩ ደግሞ ሁለት ሰዓት ይቆያል።

ኬዝ የአየር ጎተራ አይደለም፤ አየር ገብቶ የሚወጣበት መንገድ ነው። የሚወጣው አየር ከገባው በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ ከተፈለገ በየሰከንዱ 50 ሊትር አየር መግባትና መውጣት አለበት። ይህ ቁጥር ለትንሹም ለትልቁም ኬዝ አንድ ነው።

ያቺን 0.9 ጁል ልብ ይበሉልኝ። ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን 1.2 ነበረች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ከጅቡቲ ወደብ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያ የሚገፋው በሊትር ነው፤ በደቂቃ የሚዞረው ዙር እኩል ከሆነ እዚህም እዚያም የሚገፋው ሊትር ያው ነው፤ እዚህ ያለው ሊትር ግን የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ በ38 ሊትር የሚያልቀው ሥራ እኛ ጋ 50 የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የውጭ አገር የኬዝ ግምገማ አይቶ «እነሱ ያገኙትን ዲግሪ እኔ ለምን አጣሁት?» እያለ ቴርማል ፔስት በላይ በላዩ የሚቀይር ሰው አውቃለሁ። ፔስቱ ምን አጠፋ? ደግነቱ ደጋው ያጎደለብንን በሌላ በኩል ይክሰናል፤ ክፍላችን ውስጥ ያለው አየር ቀዝቃዛ ነው። ዱባይ ያለው ወዳጄ አየሩ ወፍራም ቢሆንለትም፣ በበጋ ኤሲውን ካጠፋ ማሽኑ የሚስበው የ40 ዲግሪ አየር ነው።

በደንብ የታሰበባት ትንሽ ኬዝ ደግሞ ትልቁ የሌለው ጸጋ አላት። የግራፊክስ ካርዱ ማራገቢያዎች ከተበሳሳው የጎን ክዳን አጠገብ ስለሚሆኑ የክፍሉን አየር በቀጥታ ይስባሉ። ትልቁ ኬዝ መሃል የተንጠለጠለ ካርድ ግን ሌሎች ማራገቢያዎች የሚያመጡለትን፣ በመንገድ የሞቀ አየር መጠበቅ አለበት።

ትንሿን የሚያበላሻት በማራገቢያና በክዳን መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። ዝቅ ያለ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ማራገቢያው ከላይ ነው፤ አየሩን ከክዳኑ በኩል ስቦ በብረት ክንፎቹ መካከል ወደ ማዘርቦርዱ ይገፋል። የሞቀው አየር በአራቱም ጎን ይወጣና መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ተመልሶ በዚያው ክፍተት እንደገና ይሳባል። ማራገቢያው እየጮኸ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይተነፍሳል።

የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወጣት ማሽኑን አቅፎ መጥቶ «ጋሼ፣ ይቺ ኬዝ ታፍናለች» አለኝ። ማቀዝቀዣው 37 ሚሊሜትር ቁመት ያለው የኖክቱዋ ኤንኤች-ኤል9 ነው፤ ከክዳኑ ጋር ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ይራራቃሉ። ሬንደር ሲጀምር ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ክዳኑን ሲያነሳው ይሻለዋል፤ ስለዚህ ክዳኑን አልጋ ሥር ጥሎ በባዶ ጎን ሲሠራ ከርሟል። አቧራው ማራገቢያው ላይ ተጋግሯል።

ዕቃ ተጠቅልሎበት የመጣ ጥቁር ስፖንጅ ነበረኝ። በምላጭ አራት ማዕዘን አድርገን ቆረጥነው፤ መሃሉን በማራገቢያው ልክ ክብ አድርገን በሳነው፤ ክዳኑ ሲገጠም ተጭኖ እንዲዘጋ ውፍረቱን ከክፍተቱ ትንሽ አስበለጥነው። ማራገቢያው ላይ አስቀምጠን ክዳኑን መለስነው። ስፖንጁ ጎኖቹን ስለዘጋቸው አየር የሚገባው ከውጭ ብቻ ሆነ። ያንኑ ሬንደር ስናስነሳው ፕሮሰሰሩ 80ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቆመ። ልጁ ክዳኑን በመዳፉ እየዳሰሰ ጥቂት ዝም አለና «በዚህ ስፖንጅ?» አለ።

ክዳን ከፍታችሁ የምትሠሩ ሁሉ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ክዳኑ ሲነሳ ዲግሪው መውረዱ ኬዟ ጠባብ መሆኗን አያሳይም፤ የአየሩ መንገድ መሳሳቱን ነው የሚያሳየው። መንገዱን አስተካክሉና ክዳኑን መልሱ። ማሽኑን ምንጣፍ ላይ ወይም የተዘጋ የቲቪ ቁም ሣጥን ውስጥ ለምታስቀምጡት የምለው የለኝም፤ እዚያ ስፖንጅም አያድናችሁም።

የዕቃዎች መግጠምና አለመግጠም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሰው ካርድ ሲገዛ ርዝመቱን ይለካል፣ ውፍረቱን ይረሳል፣ ከላይ የሚሰካውን ገመድ ጨርሶ አያስበውም። ኤንቪዲያ ራሱ የሠራቸው አርቲኤክስ 4090 እና ተከታዩ 5090 ርዝመታቸው እኩል 304 ሚሊሜትር ነው፤ የመጀመሪያው ውፍረቱ 61፣ ሁለተኛው 40 ነው። 10.4 ሊትር የምትይዘው የስዊድኑ ፍራክታል ቴራ ኬዝ የመሃል ግድግዳዋ ወዲህና ወዲያ ይንቀሳቀሳል፤ ለካርዱ የጨመረችውን እያንዳንዱን ሚሊሜትር ከፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ትቀንሳለች። 7.2 ሊትር ብቻ የሆነችው ዳን ኤ4 ደግሞ ከ48 ሚሊሜትር በላይ ቁመት ያለው ማቀዝቀዣ አታስገባም፤ 50 ካመጡላት ክዳኗ አይዘጋም። ገመዱን በተመለከተ፣ የአዲሶቹ ካርዶች ባለ 16 ፒን ገመድ ከመታጠፉ በፊት 35 ሚሊሜትር ያህል ቀጥ ብሎ መሄድ እንዳለበት ይመከራል። ክዳኑን በጉልበት ለመዝጋት ገመዱን አንገቱ ላይ የሚያጥፍ ሰው ሳይ ያንገበግበኛል፤ በትክክል ያልገባ መሰኪያ ቀልጦ ታይቷል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ጠንቅ ራይዘር የሚባለው፣ ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ገመድ ነው። ካርዱ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ጄን 4 ሆኖ ገመዱ ለጄን 3 የተሠራ ከሆነ ሁለቱ በጄን 4 ፍጥነት ለመነጋገር ይሞክራሉ፤ ገመዱ አይችልም። ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ወይም ማሽኑ ጌም መሃል ይዘጋል። ባለቤቱ ካርዱ ተቃጥሏል ብሎ ያለቅሳል። መፍትሔው ባዮስ ገብቶ መሰኪያውን ጄን 3 ላይ ማሰር ነው፤ የሚጠፋው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ግን ስክሪኑ ጠቁሮ ባዮስ እንዴት ይገባል? ከራይዘን 7000ዎቹ ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ የራሳቸው ግራፊክስ ስላላቸው የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት ይበቃል። ከ5000ዎቹ ብዙዎቹ ይህ ስለሌላቸው፣ ኬዙን በትኖ ካርዱን ያለ ራይዘር ቀጥታ መሰካት ግድ ይሆናል።

ውሃ ማቀዝቀዣ ካላስገባሁ የሚሉም አሉ። ውሃ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ አንስቶ ወደ ራዲያተሩ ይወስዳል እንጂ አያጠፋውም፤ ኬዟም ዞሮ ዞሮ ያቺኑ 50 ሊትር አየር ትፈልጋለች። ትንሽ ኬዝ ውስጥ ቱቦዎቹ የአየሩን መንገድ ሲዘጉት ደግሞ ትርፉ ድካም ነው።

ከዚያ ሁሉ የሚበልጠው አንድ የባዮስ ምርጫ ነው። ከላይ በስሌቱ ለፕሮሰሰሩ 90 ዋት የሰጠሁት በዘፈቀደ አይደለም፤ ራይዘን 9 7950ኤክስ ልቅ ሲተው እስከ 230 ዋት ይስባል፤ ስሙ ባለ 65 ዋት በሆነው ኢኮ ሞድ ሲታሰር ግን 88 ላይ ይቆማል። ሬንደሩ መርዘሙ አይቀርም፤ ለዚያ የሚቸኩል ባለ 105 ዋቱን መርጦ በ142 ሊሠራ ይችላል። ልቅ ልተወው ያለ ሰው ግን ኬዟ በየሰከንዱ 66 ሊትር አየር እንደምትጠይቀው ይወቅ፤ በዚያች ባለ 37 ሚሊሜትር ማቀዝቀዣ ደግሞ ያንን ሙቀት ከፕሮሰሰሩ ላይ ማንሳት አይቻልም።