ከማክሰኞ ማታው ዋንጫ ጓዳ

ጆሮዎን ወዲህ ይስጡኝ። የማወራው ቅዳሜና እሁድ በቴሌቪዥን ስለሚያዩት የእንግሊዝ እግር ኳስ አይደለም፤ ማክሰኞ ማታ፣ ከሰው ይልቅ ባዶ ወንበር በሚበዛበት ሜዳ ስለሚካሄደው ነው። በታችኛው ሊግ በሚጫወት አንድ የእንግሊዝ ክለብ ውስጥ የጨዋታ ቀን ሥራ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። የክለቡን ስም አልጠራም። የምነግርዎት የእሱ ብቻ ገመና አይደለም፤ በሊግ ዋንም ሆነ በሊግ ቱ፣ ማለትም በሦስተኛውና በአራተኛው እርከን፣ ክለብ የሠራ ሰው የሚያውቀው፣ ግን እንጀራውን እያሰበ የሚውጠው ነገር ነው።

ጉዳዩ ኢኤፍኤል ትሮፊ የሚባለው ዋንጫ ነው። ቀድሞ የሊግ ዋንና የሊግ ቱ 48 ክለቦች የግላቸው ነበር። አርሰናልና ቼልሲ አይደርሱበትም፤ ስለዚህ የትንሽ ከተማ ደጋፊ ልጁን ይዞ ፍጻሜው በሚካሄድበት ዌምብሌይ ለመግባት ተስፋ የሚያደርገው በዚህ ዋንጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ክለቦቹ ድምፅ ሰጡና 16 ተስፋ ቡድኖች፣ ማለትም የትልልቅ አካዳሚዎች ወጣቶች፣ እንዲገቡ ተፈቀደ። የአንድ ዓመት ሙከራ ነው ተባለ። ሙከራው ግን ቋሚ ሆኖ ቀረ፤ ቡድኖቹም አልወጡም።

አሁን አሰላለፉ ወደሚሞላበት ክፍል እንግባ። በመጀመሪያው ዓመት ደንቡ ከ11ዱ ቋሚ ተሰላፊዎች አምስቱ የዋናው ቡድን ተጫዋቾች እንዲሆኑ ያስገድድ ነበር። የአሰልጣኙ ሐሳብ ግን ቅዳሜ ላይ ነው። ቅዳሜ ነጥብ አለ፤ ነጥብ ማለት በሊጉ መቆየት ነው፤ በሊጉ መቆየት ደግሞ የሁላችንም ደመወዝ ነው። እናም በጠረጴዛው ዙሪያ የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል፦

«ስንት ሞላ?»

«አራት።»

«አጥቂያችንስ?»

«ጉልበቱን ያመዋል፤ ለቅዳሜ ይቆየን።»

«እንግዲያው በረኛውን ጻፈው።»

ብራድፎርድ ሲቲ በዚያው ዓመት ከበሪ ጋር ሲጫወት ዋና በረኛውን ኮሊን ዶይልን አሰልፎ በሦስተኛው ደቂቃ ቀየረው። ዶይል አልተጎዳም። ደንቡ በቋሚነት ይሰለፍ አለ እንጂ ጨዋታውን ይጨርስ አላለም። ጋዜጦቹ አንድ ቀን ተገርመው አለፉ። እኛ ግን አልተገረምንም፤ በየክለቡ ያው ስሌት ይሠራ ነበር።

ሉተን ታውንና ፖርትስመዝ ደግሞ እያንዳንዳቸው 15 ሺህ ፓውንድ ተቀጡ። ጥፋታቸው ደካማ ቡድን ማሰለፍ ነበር። ሉተን ያሰለፈው ግን ልጆቹን ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ። ውድድሩ የተለወጠው ለእንግሊዝ ወጣቶች የመጫወቻ ዕድል ይሰጥ ተብሎ ነው። የትልቁ ክለብ ወጣት ሲሰለፍ ዕድገት ተባለ፤ የሉተን ወጣት ሲሰለፍ ቅጣት መጣ። በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁበት ጊዜ እንደዚያ ያንገበገበኝ ነገር ጥቂት ነው። በግድ የሚሰለፉት የዋናው ቡድን ተጫዋቾች ቁጥር በኋላ ቀነሰ፣ ደንቡም ላላ፤ መንፈሱ ግን ያው ነው።

ከሜዳው ውጭ ያለውን ደግሞ ይስሙት። የታችኛው ሊግ ክለብ የቅዳሜ ገቢ ግማሽ ምስጢሩ እንግዳ ደጋፊ ነው። ከሌላ ከተማ በአውቶቡስና በባቡር የሚመጣው ሰው ትኬት ይቆርጣል፣ ሻይና ፓይ ይገዛል፣ አካባቢው ያለውን መጠጥ ቤት ይሞላል። ተስፋ ቡድን ግን ደጋፊ የለውም። የቡድኑ ስም ትልቅ ነው፣ የእንግዳው ወገን መቀመጫ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ሁለት ጎን ዘግተን አንዱን ብቻ እንከፍታለን፤ አስተናባሪም እንቀንሳለን። ትኬት ክፍል ያለች ባልደረባዬ ከወንበሩ ጠፍቶ የማያውቅ አንድ ሽማግሌ ደጋፊ ዘንድ ስትደውል ሰማኋት። እሱም በጨዋ ደንብ መለሰላት፦ «ለእነሱ አልመጣም፣ የኔ ልጅ። ቅዳሜ እንገናኝ።» እንደ እሱ ያሉ ሰዎች በየክለቡ አድማ አድርገው ነበር። አድማው ከስንፍና የመጣ እንዳይመስልዎት። በዝናብም በሽንፈትም የሚመጡ ሰዎች ናቸው የቀሩት።

የእንግዳው ቡድን አውቶቡስ ሲደርስ ደግሞ ከተጫዋቹ የማይተናነስ ባለሙያ አብሮ ይወርዳል። አንዱ ካሜራውን ይዞ ጣሪያው ሥር ወዳለው መቅረጫ ይወጣል፣ አንዱ የምግቡን ሳጥን ይቆጣጠራል፣ አንዱ ደረት ላይ የሚታሰረውን የሩጫ መለኪያ ያድላል። ልጆቹ ጨዋዎች ናቸው፤ በእነሱ ቅሬታ የለኝም። ክቡር ትሪቡን ላይ ግን የተጫዋች ወኪሎችና የክለብ መልማዮች ተደርድረው ይቀመጣሉ። ለእነሱ ያ ምሽት ገበያ ነው። ልጁ ከ30 ዓመት ጠንካራ ተከላካይ ጋር ተጋፍቶ መቆም እንደሚችል በምስል ከተረጋገጠ የውሰትም የሽያጭም ዋጋው ይጨምራል። የእኛ ተከላካይ በዚያ ምሽት መለኪያ ሆኖ ነው የተሰለፈው። ይህን ፊት ለፊት የሚናገር ባለሥልጣን አላጋጠመኝም።

«ታዲያ ሊቀመንበሮቹ ለምን እሺ አሉ?» ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። በገንዘብ ነው። ፕሪሚየር ሊጉ ለሽልማቱ ወደ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ጨመረ፤ በምድብ ጨዋታ አንድ ድል ብቻ 10 ሺህ ፓውንድ ያስገኛል። ለማንችስተር ሲቲ ይህ ምንም አይደለም፤ በሊግ ቱ ለሚኖር ክለብ ግን የመብራትና የውኃ ክፍያ ነው። በሩ ደግሞ የተከፈተው ከዚያ ቀድሞ ነው። በ2011 የወጣቶች ልማት ዕቅድ ተብሎ አዲስ የአካዳሚ ሥርዓት ሲቀርብ፣ የማይቀበሉ ከሆነ ፕሪሚየር ሊጉ በየዓመቱ ለታችኞቹ የሚሰጠው 5 ሚሊዮን ፓውንድ የወጣቶች ድጎማ እንደሚቋረጥ ተነገራቸው። 46 ክለቦች ደገፉ፣ 22 ተቃወሙ። በአዲሱ ሥርዓት አንድ ትልቅ ክለብ ከትንሹ ክለብ ልጅ ሲወስድ የሚከፍለው ካሳ በሰንጠረዥ ተወሰነ፤ ከ9 እስከ 11 ዓመት ላለው ልጅ በዓመት 3 ሺህ ፓውንድ። ብሬንትፎርድ በ2016 አካዳሚውን የዘጋው በዚህ ተማርሮ ነው። ሁለት ተስፋ የተጣለባቸው ልጆቹን የማንችስተር ክለቦች በትንሽ ካሳ ወስደውበት ነበር።

ሁለቱን አያይዘው ይመልከቱ። መጀመሪያ ልጆቻችንን በርካሽ ወሰዱ። ቀጥሎ የሰበሰቧቸው ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ አጡና ዋንጫችንን ጠየቁ። የኔ አቋም ያኔም ይኸው ነበር፣ ዛሬም ይኸው ነው፦ ተስፋ ቡድን በታችኛው ሊግም ሆነ በዋንጫው ቦታ የለውም።

ተስፋ ቡድኖችን የማስገባቱ ሐሳብም ከዋንጫው ይሰፋል። በ2014 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሊቀመንበር ግሬግ ዳይክ 10 ተስፋ ቡድኖችና 10 የኮንፈረንስ (ከሊግ ቱ ቀጥሎ በታች ያለው ሊግ) ክለቦች ያሉበት «ሊግ ሦስት» እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ምክንያቱ ከባድ ነው፤ በፕሪሚየር ሊጉ የሚሰለፉ እንግሊዛውያን በ20 ዓመት ውስጥ ከ69 ወደ 32 በመቶ ወርደው ነበር። ክለቦቹ ያንን አልተቀበሉም። ዋንጫው ሲለወጥ ደጋፊው የተቆጣው ይህን ስላስታወሰ ነው። ልብ የሚነካው ደግሞ፣ በመጀመሪያው ዓመት አርሰናል፣ ሊቨርፑል፣ ቶተንሃምና ሁለቱ ማንችስተሮች ግብዣውን ሳይቀበሉ መቅረታቸው ነው። ለእነሱ ተብሎ የተከፈተውን በር እነሱ ራሳቸው አልፈለጉትም፤ ኋላ ነው የገቡት።

ተቃራኒው ወገን ተስፋ ቡድኖች በታችኛው ሊግ የሚጫወቱባትን ስፔንን ይጠቅሳል፤ በቂ ምክንያትም አለው። ፔፕ ጋርዲዮላ አሰልጣኝነትን የጀመረው በባርሴሎና ቢ ነው፤ በ2007-08 በአራተኛው እርከን ቡድኑን አሳደገ፣ ሰርጂዮ ቡስኬትስና ፔድሮም ከዚያ ወጡ። እንግሊዝ ከመጣ በኋላም ይህንኑ ሥርዓት ደጋግሞ መክሯል። ተጫዋች ለማፍራት ይሠራል፤ ይህን የሚክድ ኳስ አያውቅም። ለሊጉ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አብሮ መነገር አለበት። የሪያል ማድሪድ ተስፋ ቡድን ካስቲያ በ1984 ሁለተኛውን ሊግ አሸንፎ ማደግ አልተፈቀደለትም። የአያክስ ወጣቶች በ2018 በሆላንድ ሁለተኛ ሊግ፣ የባየርን ሙኒክ ሁለተኛ ቡድን በ2020 በጀርመን ሦስተኛ ሊግ፣ ሻምፒዮን ሆነው እዚያው ቀሩ፤ ያደገው ሌላ ነው። በ2012 ደግሞ ዋናው ቪያሪያል ከላሊጋ ሲወርድ፣ በሁለተኛው ሊግ የነበረው ቪያሪያል ቢ በነጥብ ከወራጅ ቀጠና ውጭ ሆኖ ሳለ በደንቡ ምክንያት ወደ ሦስተኛ ወረደ። የሚያሸንፍ የማያድግበት፣ ነጥብ ያልጎደለው የሚወርድበት ውድድር የነጥብን ትርጉም ያጠፋል። ወራጅ ቀጠና ውስጥ ሆኖ ከእንዲህ ያለ ቡድን ጋር በመጨረሻው ሳምንት መገናኘት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያቅተንም፦ ተጋጣሚህ የሚፈራው ነገር የለውም። ወይም ደግሞ ዋናው ቡድኑ ስላረፈ ሦስት ውድ ተጫዋቾች ሊያወርድብህ ይችላል።

ልጆቹስ የት ይጫወቱ? መልሱ ድሮም የነበረው ውሰት ነው። ሃሪ ኬን በ2011 የ17 ዓመት ልጅ ሆኖ ለሌይተን ኦሪየንት በውሰት ሲሰጥ በሊግ ዋን ነበር የተጫወተው፤ ውለታውን ስላልረሳም በ2020 የክለቡን ማሊያ ስፖንሰር ሆነ። የእንግሊዝ በረኛ ጆርዳን ፒክፎርድ ዳርሊንግተንን፣ በርተንን፣ ካርላይልንና ብራድፎርድን አዳርሶ ነው የበሰለው። በርሊን ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ጌዲዮን ዘላለምም የአርሰናል ልጅ ሳለ በ2015-16 ለሬንጀርስ በውሰት ተሰጥቶ፣ የስኮትላንድ ሁለተኛ ሊግን አሸንፎ ካደገው ቡድን ጋር ነበር። ያ ዓመት በተስፋ ቡድን የሚገኝ አልነበረም።

ልዩነቱን በመልበሻ ክፍላችን አይቼዋለሁ። በውሰት የመጣ ልጅ ኮንትራቱ ሰኔ ላይ የሚያልቅ የሁለት ልጆች አባት አጠገብ ይለብሳል። ኳስ አሳልፎ ሲሰጥ የሚቆጣው ሰው የቤት ኪራይ ያለበት ነው። አንዱ እንዲህ ያለ ልጅ በመጀመሪያው ወር ከሽንፈት በኋላ እየዘፈነ ገላውን ሊታጠብ ገባ፤ አምበላችን ውኃውን ዘግቶ አስቀመጠውና አነጋገረው። ከዚያ በኋላ የነበረው ልጅ ሌላ ነው። ደጋፊውም ስሙን ይዞ ይዘምርለታል፤ ለእኛ ነው የሚጫወተው። ተስፋ ቡድን ግን ልጁን ከራሱ ባልንጀሮች፣ ከራሱ ምግብና ካሜራ ጋር አምጥቶ ይመልሰዋል።

እንግሊዝ ደግሞ ተስፋ ቡድኖችን በሊጉ ሳታስገባ በ2018 ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ በ2020ና በ2024 አውሮፓ ዋንጫዎች ለፍጻሜ ደርሳለች።

ባለሥልጣናቱ የኢኤፍኤል ትሮፊ ፍጻሜን ተመልካች ቁጥር መጥራት ይወዳሉ፤ በ2017 ኮቨንትሪና ኦክስፎርድ 74,434፣ በ2019 ፖርትስመዝና ሰንደርላንድ 85,021። ቁጥሩ እውነት ነው። ግን ማን ሞላው? የአራት ከተማ ሕዝብ። እስከ 2025 ድረስ አንድም ተስፋ ቡድን ለፍጻሜ ደርሶ አያውቅም። ቼልሲ በ2018 ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በሊንከን ሲቲ በመለያ ምት ወጣ፤ ባያሸንፍ ኖሮ ሊንከን ዌምብሌይን ባላየ ነበር።

በ2019 በሪ በዕዳ ከሊጉ ተባረረ። ሁለት ጊዜ የኤፍኤ ዋንጫ ያነሳ፣ በ1885 የተመሠረተ ክለብ ነው። ሊግ ዋን በዚያ ዓመት በ23 ክለብ ተጫወተ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ ነው፤ ክለብ በሞተ ቁጥር ባዶውን ቦታ የሚመኝ አይጠፋም። በ2024-25 ደግሞ 16 ተስፋ ቡድኖች ከ16 የናሽናል ሊግ (የቀድሞው ኮንፈረንስ) ክለቦች ጋር የሚጫወቱበት ሌላ ዋንጫ ተጀመረ። እርከኑ አንድ ደረጃ ወደ ታች ወርዷል።

ነገሩ ግን የማይመለስ አይደለም። ስኮትላንድ ውስጥ በ2023 ተስፋ ቡድኖች የሚገቡበት አዲስ አምስተኛ እርከን ሊቋቋም ሲል ክለቦችና ደጋፊዎች ተቃውመው ዕቅዱ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ።

ለንደን፣ ሊድስ፣ በርሚንግሃም ያላችሁ ወገኖቼ፣ አብዛኞቻችሁ የአርሰናል ወይም የማንችስተር ዩናይትድ ማሊያ ነው የምትለብሱት፤ ውደዱት። ነገር ግን የምትደግፉት ክለብ የእናንተን ድምፅ ከእኛ ይልቅ ይፈራል። ሲጠይቋችሁ «ልጁን በውሰት ላኩ፣ ቡድኑን እቤቱ አስቀሩት» በሉልን። ቅዳሜ ደግሞ በእግር የሚደረስበት ትንሽ ክለብ በሰፈራችሁ ካለ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ትኬት ቁረጡ።