በፊታቸው ተሰድበው በእግራቸው የመለሱ

የዛሬ ኳስ ተጫዋች ኳስ ብቻ ሲጫወት አይውልም። ሽቶ ያስተዋውቃል፣ ለሰዓትና ለውስጥ ሱሪ ፎቶ ይነሳል፣ ጎል ባገባ ቁጥር ካሜራው አፍንጫው ስር ይደቀናል። በዴቪድ ቤካም ዘመን የሱን ቁርጥ አሳይቶ «እንደዚህ አድርገኝ» እያለ ፀጉር ቤት የሚቀመጠው የአዲስ አበባ ጎረምሳ ጥቂት አልነበረም።

ችግሩ ግን ሁሉም ቤካም አይደለም። ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ ፀጉሩ የሸሸ፣ ሆዱ ገፋ ያለ ተጫዋችም አለ። ደጋፊ ደግሞ አይምርም። ዲኤስቲቪ ቤት ተጠጋግቶ የተቀመጠው ተመልካች ኳሷ ስትበላሽበት ብዙ ጊዜ የሚሰድበው የተጫዋቹን እግር ሳይሆን መልኩን ነው። ለመሆኑ ተሰዳቢዎቹ ምን ብለው መለሱ?

ሁለት ጠባሳዎች

ካርሎስ ቴቬዝ እ.ኤ.አ በ1984 አርጀንቲና ውስጥ ተወልዶ ያደገው ፉዌርቴ አፓቼ በሚባለው፣ ድህነትና ተኩስ በማይጠፋበት የቦነስ አይረስ ዳርቻ ሰፈር ነው። ገና የ10 ወር ህፃን ሳለ የፈላ ውሃ ተደፍቶበት ክፉኛ ተቃጠለ። ከጆሮው ስር ተነስቶ በአንገቱ በኩል ወደ ደረቱ የሚወርደው ጠባሳ የዚያ አደጋ ምልክት ነው። በቦካ ጁኒየርስ ስሙ እየገነነ ሲመጣ ክለቡ ጠባሳውን በቀዶ ጥገና ላሳክምህ ብሎት ነበር። ልጁ ግን እምቢ አለ። የትናንቱም የዛሬውም ቴቬዝ ይሄው ነው፣ አልለውጠውም የሚል ነበር መልሱ።

ያ ጠባሳ ከምንም አላገደውም። በ2004 የአቴንስ ኦሎምፒክ 8 ጎል አስቆጥሮ በኮከብ ጎል አግቢነት ጨረሰ፤ ፓራጓይ 1 ለ 0 ስትሸነፍም ለአርጀንቲና ወርቁን ያመጣችው ጎል የሱ ነበረች። በ2008 ማንቸስተር ዩናይትድና ቼልሲ ሞስኮ ላይ በሻምፒዮንስ ሊግ ፍፃሜ በፍፁም ቅጣት ምት ሲለያዩ የዩናይትድን የመጀመሪያ ምት መትቶ ያገባውም እሱ ነው።

የፍራንክ ሪቤሪም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ሰሜን ፈረንሳይ ቡሎኝ ሱር ሜር ውስጥ የተወለደው ሪቤሪ በ2 ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር በመኪና ሲጓዝ አደጋ ደረሰበት። ፊቱ ከ100 በላይ ስፌት ተሰፋ። በልጅነቱ የሰፈር ልጆች መሳለቂያ ነበር፤ ትልቅ ተጫዋች ከሆነም በኋላ ተቃራኒ ደጋፊ አልማረውም። ገንዘብ ሲያገኝ ፊቱን ያሰራል ያለው ብዙ ነበር፣ አላሰራም። አደጋው በልጅነቱ እልህ እንደሰጠው፣ ጠባሳውም የራሱ አካል እንደሆነና ሰው እንዳለ ሊቀበለው እንደሚገባ ደጋግሞ ተናግሯል። ይሄው ፊት ነው በ2013 ከባየርን ሙኒክ ጋር ሶስት ዋንጫ አንስቶ፣ ሜሲንና ክሪስቲያኖ ሮናልዶን ቀድሞ የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ሽልማትን የተቀበለው።

የሩኒ ፀጉር

እንዲህ ሲባል ግን መልኩን ያስተካከለ ሁሉ ራሱን የጠላ ነው ማለት አይደለም። የቴቬዝ የዩናይትድ አጣማሪ ዋይኒ ሩኒ ሌላ መንገድ መርጧል። የእንግሊዝ ጋዜጦች ከካርቱኑ ሽሬክ ጋር ሲያመሳስሉት የኖሩት ሩኒ በጁን 2011 ለንደን ውስጥ ፀጉር አስተከለ። ሌላው ባርኔጣ ደፍቶ ይደበቅ ነበር። እሱ ግን ገና ደሙ ያልደረቀ የራስ ቅሉን ፎቶ ትዊተር ላይ ለጠፈና በ25 ዓመቱ መመለጥ መጀመሩን ራሱ ነገራቸው። የሚስቅ ይሳቅ፣ የሚደበቅ ነገር የለም እንደ ማለት ነው።

የሚያሳዝነው ሌላው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሰው የሩኒን ፀጉር ሲቆጥር ውስጡን ያየለት አልነበረም። በወጣትነቱ ጭንቀቱን ለመርሳት ቤቱን ዘግቶ ራሱን እስኪስት ድረስ ይጠጣ እንደነበር የተናገረው በ2022 ነው። መልበሻ ክፍል ገብቶ ተቸግሬያለሁ ማለት በዚያን ጊዜ የሚታሰብ እንዳልነበረም ገልጿል። በዚያ ሁሉ መሃል 253 ጎል አስቆጥሮ የዩናይትድ የምንጊዜም ጎል አግቢ ሆነ።

«ወፍራሙ» ሮናልዶ

የመልክን ወሬ እንደ ብራዚላዊው ሮናልዶ በብልጠት የተጠቀመበት የለም። በ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ጉዳት ስለነበረበት ጋዜጠኛው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ እግሩ ብቻ ነበር። ከቱርክ ጋር ለሚደረገው ግማሽ ፍፃሜ ጭንቅላቱን ተላጭቶ ግንባሩ ላይ ቁራጭ ፀጉር ብቻ ትቶ ብቅ አለ። ወዲያው ወሬው ሁሉ ስለ ፀጉሩ ሆነ፣ እግሩም እፎይ አለ። ቁርጡ አስቀያሚ እንደነበር በኋላ ራሱም አምኗል። እሱ ግን ቱርክ ላይ አንድ፣ በፍፃሜው ጀርመን ላይ ሁለት አግብቶ ዋንጫውን ወሰደ።

ክብደቱ ሲጨምር ግን መሳለቂያነቱ ከፋ። ከክሪስቲያኖ ለመለየት የወጣለት «ወፍራሙ ሮናልዶ» የሚለው ስም እኛ አገርም ተለምዷል። በፌብሯሪ 2011 እያለቀሰ ጫማውን ሲሰቅል ነው ምክንያቱን የተናገረው፤ ሰውነቱ ኃይል የሚያቃጥልበትን ፍጥነት የሚቀንስ የታይሮይድ እጢ ችግር ነበረበት። ችግሩ ሚላን እያለ ከ4 ዓመት በፊት ተገኝቶ ነበር፤ ነገር ግን መድሃኒቱ ከዶፒንግ ህግ ጋር ያጋጨኛል ብሎ አልወሰደም። በሆዱ ሲስቅ የከረመው ሁሉ የሳቀው በበሽተኛ ላይ ነበር ማለት ነው።

ስሙ ግን እስከዛሬ አልለቀቀውም። ሁለቱን ሮናልዶዎች መለየት የግድ ከሆነ «የ2002ቱ ሮናልዶ» ማለትም ይቻላል። በዚያ የዓለም ዋንጫ 8 ጎል ያስቆጠረ ሌላ ተጫዋች ስለሌለ የሚያሳስት ነገር የለውም።