ለጥንቱ ቮልስዋገን አዲስ ወንበር ስለ መግጠም

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ቀበሌዎች ጥንታዊ ቮልስዋገን ይዛችሁ፣ የተቀደደውን ወንበር አውጥታችሁ በቀድሞው አምሳል የተሠራ አዲስ ለማስገባት የምታስቡ ክቡራን ወዳጆች ሆይ፣ ቅድመ ሁሉ የመኪናው የሥሪት ዓመት ይመርመር፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ሞዴል ጀምሮ የፊቱ ወንበር አገጣጠም ስለ ተለወጠ፣ ለአንዱ ዘመን የተሠራው በሌላው ሐዲድ ላይ አይቀመጥምና።

ቀጥሎም ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን ተመልከቱ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ፣ የሚፈሰው አሲድ ከክረምቱ ርጥበት ጋራ ተባብሮ ላሜራውን ይበላዋል፤ ዝገት በበላው ላሜራ ላይ የታሰረ ወንበርም፣ ልብሱ የቱን ያህል ቢያምር፣ በአሸዋ ላይ እንደ ተመሠረተ ቤት ነው። ስለዚህ ብየዳው ይቅደም፣ ጌጡ ይከተል።

በሚገጠምበትም ጊዜ ሐዲዱ ተጠርጎ ግራሶ ይቀባ፤ ወንበሩ ያለ ችግር መንሸራተቱ፣ መቆለፊያውም በየጥርሱ አጥብቆ መያዙ ደጋግሞ ይፈተን፤ ያልተቆለፈ ወንበር የድልብን ዳገት ሲወጡ ወደ ኋላ ቢሸሽ፣ ነጂውን ከመሪውና ከፍሬኑ ይለየዋልና።

የኋላው ወንበር ሲመለስ ደግሞ የባትሪው ክዳን ፈጽሞ አይረሳ፤ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ዝቅ ብሎ የባትሪውን ጫፎች ቢነካ፣ እሳት ሊነሣ ይችላል።

በመጨረሻም፣ የነባሩ ወንበር ብረት ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ስፖንጁንና ልብሱን ብቻ ማስለወጥ ይበቃልና፣ ለቆራሌው ከመሸጣችሁ በፊት ለባለሙያ አሳዩት።